ፍሬድሪክ ሣልሳዊና የአንዲት ናሙና ታሪክ

የዓመታዊው መጽሔታችን አዘጋጆች ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ብዙ ዘመን ካለፋቸው ታዋቂ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የማኅበራችን አባላት እንደሚጠብቁት ከድልድይ ሠሪዎች ወይም ከሐዲድ ዘርጊዎች መካከል አንዱን መምረጥ ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ድልድይ ያልሠራ፣ ሐዲድም ያልዘረጋ ሰው ነው፤ ይኸውም የጀርመን ንጉሠ ነገሥትና የፕሩሲያ ንጉሥ የነበረው ፍሬድሪክ ሣልሳዊ ነው። ምክንያቴን አስቀድሜ መግለጽ ይገባኛል።

በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚያመራው መንገድ ላይ በምትገኘው በመዘዞ የሚኖሩ አንድ አጎት ነበሩኝ። መሪጌታ ነበሩ። በአንድ ዓመት ከመስቀል በዓል በኋላ ድምፃቸው ሻከረ። የደጋው ብርድ ነው፣ የማሕሌት ድካም ነው ተባለ፤ ማርና ዳማከሴ ቀረበላቸው። ወራት ካለፉ በኋላ ከተማ ወርደው ታዩ፤ ከጉሯሯቸው ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ተመረመረና ነቀርሳ አልተገኘበትም የሚል ወረቀት መጣ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ እፎይ አለ፤ ጠላ ተጠመቀ። የአጎቴ ድምፅ ግን አልተመለሰም። እኛ ወረቀቱን አመንን እንጂ ድምፁን አላዳመጥንም። እንደገና ለመመርመር ስድስት ወር ፈጀብን፤ ያን ጊዜ በሽታው ከቀላል ሕክምና አልፎ ነበር።

የአፈርና የዓለት ናሙና ውጤት ማንበብ የዕለት እንጀራዬ ሆኖ ሳለ ይህን ሳላስተውል መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኋላ የፍሬድሪክን ታሪክ ሳነብ፣ በመዘዞ በአንድ ጎጆ የሆነው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ ታላቅ ቤተ መንግሥት፣ በዘመኑ እጅግ በተማሩ ሐኪሞች እጅ፣ ከሞላ ጎደል እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ለሙያ ጓደኞቼ ላቀርብ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፍሬድሪክ በኦክቶበር 18 ቀን 1831 በፖትስዳም ተወለደ። አባቱ ዊልሄልም የፕሩሲያ ንጉሥ ሁለተኛ ልጅ ሲሆን፣ ከሁሉ አብልጦ ወታደርነትን የሚወድ ሰው ነበር። እናቱ አውጉስታ ግን መጻሕፍትና ኪነ ጥበብ በከበሩበት በቫይማር ቤተ መንግሥት ያደገች ነበረች። ልጁም ከሁለቱም ወገን ወረሰ፤ የጦር ትምህርቱን ሳይተው በቦን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግና ታሪክ ተማረ። በዚያ ዘመን የፕሩሲያ መሳፍንት ልጆች ከጦር ሰፈር እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አይደርሱም ነበርና ይህ አዲስ ነገር ነበር።

በ1851 ለንደን ውስጥ ታላቁ የዓለም ዐውደ ርእይ በተከፈተ ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ሄዶ ነበር። በብረትና በመስተዋት የተሠራው ያ ሰፊ አዳራሽ በሙያችን ታሪክ ውስጥ ያለውን ስፍራ አንባቢ ያውቀዋል። ልዑሉም በዚያ ጉዞ የንግሥት ቪክቶሪያን የመጀመሪያ ልጅ ተዋወቀ፤ ልጅቱ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነበረች። ከሰባት ዓመት በኋላ በጃንዋሪ 25 ቀን 1858 ጋብቻቸው በለንደን ተፈጸመ። ባልና ሚስቱ በፍቅርና በአሳብ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ጀርመን በሕግና በፓርላማ የምትተዳደር አገር እንድትሆን ይመኙ ነበር።

ስምንት ልጆች ወለዱ። ከእነርሱም መካከል ሁለቱ በልጅነታቸው ሞቱ። ዋልደማር የተባለው ልጅ በ1879 በ11 ዓመቱ የሞተው በጉሮሮ በሽታ፣ ማለትም በዲፍቴሪያ ነው። ልጁን በጉሮሮ በሽታ የቀበረው አባት ከስምንት ዓመት በኋላ ራሱ በጉሮሮው መታመም ጀመረ።

አልጋ ወራሹ

አባቱ በ1861 በነገሠ ጊዜ ፍሬድሪክ አልጋ ወራሽ ሆነ፤ በዚህም ማዕረግ 27 ዓመት ቆየ። የአባቱ ቀኝ እጅ የነበረው ቢስማርክ የጋዜጦችን ነጻነት የሚገታ ድንጋጌ ባወጣ ጊዜ፣ አልጋ ወራሹ በጁን 1863 በዳንዚግ ከተማ በአደባባይ ተቃውሞውን ገለጸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንግሥቱ ሥራ ውስጥ እንደ ባይተዋር ሆኖ ኖረ።

በጦር ሜዳ ግን ዝናው ታላቅ ነበር። በጁላይ 3 ቀን 1866 በኬኒግሬትስ በተደረገው ጦርነት፣ ሌላው የፕሩሲያ ጦር በኦስትሪያ መድፍ ተይዞ ሲጨነቅ፣ ፍሬድሪክ የሚመራው ሁለተኛው ጦር በእኩለ ቀን ደርሶ ድሉን ወሰነ። በ1870ም በፈረንሳይ ላይ በቫይሰንቡርግና በቬርት አሸነፈ። ሆኖም ጦርነትን የሚጠላ አዛዥ ነበር፤ ከተራ ወታደሮች ጋር ተቀምጦ ፒፓውን እያጨሰ መጫወት ይወድ ነበርና በጣም ተወደደ። ፒፓው ከእጁ አይለይም ነበር። በማንቁርት ላይ የሚወጣውን ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ትምባሆ ዋነኛው መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አላስተዋለም።

በ1869 ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ኢየሩሳሌምን ጎበኘ፤ በኖቬምበር ወር የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኘ። ከጦርነቶቹ በኋላ ግን ዋና ሥራው የመንግሥት ቤተ መዘክሮች የበላይ ጠባቂ መሆን ነበር። በ1878 አባቱ በጥይት በቆሰለ ጊዜ ለጥቂት ወራት እንደራሴ ሆነ፤ አባቱ ሲድን ሥልጣኑን መለሰ። እንዲህ እየጠበቀ ዕድሜው 55 ዓመት ደረሰ።

የድምፁ መሻከር

በጃንዋሪ 1887 የልዑሉ ድምፅ ሻከረ። ጉንፋን ነው ተባለ። ሻካራነቱ ግን በሳምንታት ውስጥ አልለቀቀውም፤ ስለዚህ በማርች ወር በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ መምህር የሆነው ፕሮፌሰር ጌርሃርት ጉሮሮውን መረመረ።

ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ለመሐንዲስ አንባቢ ይጠቅማል። የሕያው ሰው ማንቁርት በዓይን መታየት የጀመረው በ1854 ነው። ያየውም ሐኪም ሳይሆን ማኑዌል ጋርሲያ የተባለ የዜማ መምህር ነበር፤ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበትን ትንሽ መስተዋት ወደ ጉሮሮው አግብቶ በሌላ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን መለሰበትና የገዛ ራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ ተመለከተ። ሐኪሞች ይህን ብልሃት ወስደው አሻሻሉት፤ የጉሮሮ ሕክምና የሚባለው ልዩ ሙያም ከዚያ ተወለደ። የሕመም ማደንዘዣም ቢሆን ኮኬይን በ1884 ከታወቀ ወዲህ በጉሮሮ ላይ ይቀባ ነበር። ራጅ ግን ገና አልተገኘም፤ የሚገኘው በ1895 ነው።

ጌርሃርት በመስተዋቱ ሲያይ በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ እባጭ አገኘ። በሽቦ ቀለበት ሊቆርጠው ሞከረ፤ አልቆረጠም። ከዚያ በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ደጋግሞ ተኮሰው። ልዑሉ ኤምስ ወደሚባለው የጠበል ከተማ ሄዶ ዐርፎ ሲመለስ እባጩ ከቀድሞው በልጦ ተገኘ። ጌርሃርት ሌላም ነገር አስተዋለ፤ ግራው የድምፅ አውታር እንደ ቀኙ በቅልጥፍና አይንቀሳቀስም ነበር። ይህ ምልክት ከባድ ነው፤ በሽታው ከላይ ያለ ኪንታሮት ብቻ ከሆነ አውታሩ መንቀሳቀሱን አይተውም፤ የሚፈዘው ሥር ሰድዶ ወደ ጡንቻው ሲገባ ነው። ስለዚህ ታዋቂው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፎን ቤርግማን ተጠራ። እርሱም ነቀርሳ መሆኑን ተጠራጥሮ፣ ማንቁርቱ ከአንገት በኩል ተከፍቶ እባጩ እንዲወጣ መከረ። ቀኑም ሜይ 21 ቀን ተቆረጠ።

ቢስማርክ በኋላ በጻፈው የሕይወት ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ ሐኪሞቹ ይህን ለማድረግ የተዘጋጁት ለታማሚው ሳይነግሩ ነበር፤ ነገሩን የሰማው ንጉሡ ግን ልጁ ሳይፈቅድ እንዳይነካ አዘዘ።

የእንግሊዙ ሐኪምና የበርሊኑ ሊቅ

ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት በጉሮሮ ሕክምና ከሁሉ የታወቀ ሰው እንዲያየው ስለ ተፈለገ፣ ሞሬል ማኬንዚ ከለንደን ተጠርቶ በሜይ 20 ቀን በርሊን ደረሰ። ማኬንዚ በ1863 በለንደን የጉሮሮ ሆስፒታል ያቋቋመ፣ በእጁ ቅልጥፍና ወደር ያልነበረው ሰው ነው። ያቀረበውም አሳብ ሲመዘን ትክክለኛ ነበር፤ ይኸውም ነቀርሳ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ሳይረጋገጥ አንገት አይከፈትም የሚል ነው።

ይህን ያለበትን ምክንያት ለመረዳት የዚያን ዘመን ቀዶ ጥገና ማሰብ ያስፈልጋል። ነቀርሳ ያለበትን ማንቁርት በሙሉ ማውጣት የተጀመረው በ1873 መጨረሻ በቪየና በቢልሮት እጅ ሲሆን፣ ያም ታማሚ ከወራት በላይ አልኖረም። ከዚያ በኋላ ከተሞከረባቸውም ብዙዎቹ በደም መፍሰስና በሳምባ ምች ያልቁ ነበር። ቤርግማን ያሰበው ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ አንገቱ ከተከፈተ በኋላ ሥራው ወዴት እንደሚሄድ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም ነበር።

ማኬንዚ በሜይ 21 ቀን ረጅም መቆንጠጫ በአፍ በኩል አግብቶ ትንሽ ሥጋ ቆንጥሮ አወጣ። ናሙናው የተላከው ለሩዶልፍ ፊርሆ ነበር። ፊርሆ በሽታን በሕዋሳት ደረጃ መመርመርን ለዓለም ያስተማረ ሊቅ ነው፤ እኛ መሐንዲሶች ደግሞ ከመሐንዲስ ሆብሬክት ጋር ሆኖ የበርሊንን የፍሳሽ መውረጃ እንዲሠራ ባደረገው ትግል እናስታውሰዋለን። ፊርሆ ናሙናውን አይቶ ነቀርሳ አላገኘበትም። በሜይ 23 ቀን የተወሰደው ሁለተኛ ቁራጭ ለፍርድ የማይበቃ ሆነ። በጁን 8 ቀን የተሻለ ቁራጭ ተወሰደ፤ በዚህም ነቀርሳ አልታየም። የታሰበው ቀዶ ጥገና ቀረ።

አንባቢን ልብ እንዲልልኝ የምለምነው እዚህ ላይ ነው። ፊርሆ በጽሑፉ ላይ የጨመረው አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር። ያየው ሥጋ ደኅና መሆኑን መሰከረ፤ ነገር ግን ይህ ፍርድ ለበሽታው ሁሉ ይበቃ እንደሆነ ከእነዚያ ቁራጮች ሊታወቅ እንደማይችል አመለከተ። ሊቁ የናሙናውን ልክ ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሐኪሞች፣ ከሐኪሞች ወደ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ጋዜጦች ሲተላለፍ ማስጠንቀቂያው በየእጁ እየተራገፈ ቀረ። በመጨረሻ ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ልዑሉ ነቀርሳ የለበትም የሚለው ብቻ ነበር።

የጣርማ በርን ቁልቁለት ለሚያውቅ አባል ነገሩን በራሳችን ሙያ ላስረዳው። በዚያ ተዳፋት መሬቱ የመንሸራተት ጠባይ እንዳለው የታወቀ ነው። አንድ መሐንዲስ በዚያ ቁፋሮ አስቆፍሮ መሰርሰሪያው ጠንካራ ባዛልት ቢያገኝ፣ ያ ድንጋይ የተራራው አካል ይሁን ወይስ ከላይ ተንከባሎ የወረደ ቋጥኝ ይሁን ከአንዲት ጉድጓድ ሊያውቅ አይችልም። ናሙናው ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ተዳፋቱ ጠንካራ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የገበሬው ቤት ግድግዳ እየተሰነጠቀ፣ ዛፉ እየዘመመ፣ ምንጩ ቦታውን እየለወጠ ሳለ የቁፋሮውን ወረቀት ይዞ የሚከራከር መሐንዲስ ቢኖር ሁላችንም እንታዘበዋለን። የልዑሉም የግራ አውታር መፍዘዝ እንደዚያ ግድግዳ መሰንጠቅ ነበር። እባጩ ተቆርጦ እንደገና መብቀሉም እንደዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ለሦስቱም ሐኪሞች ፍትሕ ማድረግ ይገባል። ጌርሃርትና ቤርግማን በሽታውን ገምተው ነበር፤ ግምታቸውን ግን ማረጋገጥ አልቻሉም። ማኬንዚ ማረጋገጫ መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ ማረጋገጫ ያጣውን ጥርጣሬ እንደ ወደቀ መቁጠሩ ነው። በ1948 አከርማን የተባለ አሜሪካዊ የሕብረ ሕዋስ መርማሪ ከላይ ኪንታሮት የሚመስል፣ ክፋቱ ከሥር የሆነ የነቀርሳ ዓይነት ለይቶ ገልጿል፤ እንዲህ ያለውን በሽታ ከገጹ ላይ በተቆነጠረ ትንሽ ሥጋ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። የፍሬድሪክ በሽታ ከዚህ ወገን ሳይሆን እንዳልቀረ የገመቱ ሐኪሞች አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ናሙናው ጥልቀት አልነበረውም።

ከለንደን እስከ ሳን ሬሞ

በጁን 21 ቀን 1887 የንግሥት ቪክቶሪያ የዘመነ መንግሥቷ 50ኛ ዓመት በለንደን ሲከበር፣ ፍሬድሪክ ነጭ የክብር ልብሱን ለብሶ በፈረስ ላይ ተቀምጦ በሰልፉ አለፈ። ቁመናውን ያየ ሁሉ አደነቀ፤ መናገር የሚችለው ግን በሹክሹክታ ነበር። ማኬንዚ የቀረውን እባጭ ቆንጥሮ አወጣ፤ ፊርሆም እንደገና ነቀርሳ አላየበትም። በሴፕቴምበር ወር ማኬንዚ ስለ አገልግሎቱ የሰር ማዕረግ ተሰጠው።

ልዑሉ ቀዝቃዛ አየር እንዳይመታው ከአገር ወደ አገር ተዘዋወረ፤ ከእንግሊዝ ወደ ስኮትላንድ፣ ከዚያ ወደ ቲሮል፣ ወደ ቬኒስ ሄደ። በኖቬምበር መጀመሪያ በኢጣሊያ ጠረፍ ሳን ሬሞ በሚባለው ስፍራ ባረፈ ጊዜ፣ ከድምፅ አውታሮቹ በታች አዲስ እባጭ ታየ። ማኬንዚ ከለንደን መጥቶ ሲያየው መልኩ እንደ ቀድሞው አለመሆኑን አመነ። ከቪየና፣ ከበርሊንና ከፍራንክፈርት የመጡ ሐኪሞች ተሰብስበው ነቀርሳ ነው ሲሉ ተስማሙ። ከመጀመሪያው መሻከር እስከዚህ ቀን አሥር ወር አልፏል።

ሐኪሞቹ ይህን ጊዜ እውነቱን ለታማሚው ነገሩት፤ ምርጫውንም በፊቱ አቀረቡለት። አንደኛው ማንቁርቱን በሙሉ ማስወጣት ነው፤ አደጋው ከባድ ነው፤ ቢተርፍም ድምፅ አይኖረውም። ሁለተኛው በሽታውን ትቶ መተንፈስ ሲያቅተው ብቻ የአየር ቧንቧውን ከአንገት በታች ከፍቶ ቱቦ ማግባት ነው። ፍሬድሪክ ሁለተኛውን መረጠ። በሜይ ወር ሳይጠየቅ ሊደረግበት ታስቦ የነበረው ነገር በኖቬምበር ተጠይቆ ራሱ ወሰነ፤ ውሳኔውንም ሳይንቀጠቀጥ እንደ ተቀበለ በአጠገቡ የነበሩት መስክረዋል።

በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 መተንፈስ አቃተውና የቤርግማን ረዳት የሆነው ብራማን ቧንቧውን ከፍቶ የብር ቱቦ አገባለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ለዘለዓለም ጠፋ። በማርች መጀመሪያም ከጉሮሮው የወጣው አክታ በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ የነቀርሳ ሕዋሳት ተገኙበት። ወረቀቱ በሽታውን ያረጋገጠው ማረጋገጡ በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ዘጠና ዘጠኝ ቀን

በማርች 9 ቀን 1888 አባቱ በ90 ዓመቱ ሞተ። ፍሬድሪክ በቱቦ እየተነፈሰ በባቡር ወደ በርሊን ተጓዘ፤ በበረዶ መካከል ደረሰ። የአባቱ አስከሬን ወደ መቃብር ሲሄድ ሊከተል ስላልቻለ በሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት መስኮት ቆሞ አየ።

ንጉሠ ነገሥቱ የሚያስተዳድረው በጽሑፍ ነበር። ሚኒስትሮች በፊቱ ቆመው ይናገራሉ፤ እርሱ በቁራጭ ወረቀት ላይ መልሱን ይጽፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊናገረው ያዘጋጀው ነገር ሁሉ በእነዚያ ቁራጮች ላይ መወሰን ነበረበት። በኤፕሪል 12 ቀን ቱቦው ሲለወጥ በማይገባው መንገድ ገብቶ ብዙ ደም ፈሰሰው፤ ከዚያም አንገቱ መገለ፤ ስለዚህም ነገር የጀርመኑና የእንግሊዙ ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ተካሰሱ። በሜይ 24 ቀን በልጁ በሃይንሪክ ሠርግ ላይ ቆሞ ታየ፤ አንገቱን በከፍተኛ ኮሌታ ሸፍኖ ነበር። በጁን 8 ቀን የነጻ አሳብ ተቃዋሚ የነበረውን የአገር ግዛት ሚኒስትር ፑትካመርን ከሥራ አሰናበተ። በፖለቲካ በኩል ያደረገው የሚታይ ሥራ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

በጁን 15 ቀን 1888፣ ማለትም በሰኔ 1880 ዓ.ም.፣ በተወለደበት በፖትስዳም በ56 ዓመቱ ሞተ። በእኛ አገር ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት፣ የክፉ ቀን ረኃብም የሚጀምርበት ዘመን ነበር። ልጁ ዊልሄልም ዳግማዊ ወዲያውኑ ቤተ መንግሥቱን በወታደር አስከበበ፤ የአባቱን ጽሑፎች ፈለገ፤ ዋናዎቹ ግን አስቀድመው ወደ እንግሊዝ ተልከው ነበር።

በማግሥቱ ፊርሆ ራሱ አስከሬኑን መረመረ። ማንቁርቱን ነቀርሳው አፍርሶት ነበር። ከዓመት በፊት በአንዲት ቁራጭ ያላየውን ነገር በሙሉ አካሉ አየ።

ፍሬድሪክ ቢኖር ኖሮ የጀርመን ታሪክ በሌላ መንገድ በሄደና የ1914 ጦርነት ባልተነሣ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሊመዝነው አይችልም፤ በእርሱም ዘመን ቢሆን ቢስማርክና ጦር ሠራዊቱ አብረውት ነበሩ። የሐኪሞቹ ክርክር ግን ቀጠለ፤ የጀርመን ሐኪሞች የራሳቸውን ዘገባ አሳተሙ፤ ማኬንዚም በዚያው ዓመት በመጽሐፍ መለሰ፤ በመጽሐፉም ምክንያት በአገሩ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ተወቀሰ፤ በ1892ም ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

ያ ሁሉ ክርክር ፍሬ አልባ አልነበረም። ከሕያው ሰው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር በዓለም ሁሉ የታወቀው በዚህ ሕመም ምክንያት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ራጅ በ1895፣ ራዲየም በ1898 ተገኙ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በፓሪስ የራዲየም ተቋም ኩታር የተባለው ሐኪም ጨረሩን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በብዙ ቀናት ከፋፍሎ በመስጠት የማንቁርትን ነቀርሳ ማዳን እንደሚቻል አሳየ፤ ይህ ብልሃት እስከ ዛሬ የጨረር ሕክምና መሠረት ነው። ዛሬ በድምፅ አውታር ላይ ገና በጅምሩ የተገኘ ነቀርሳ በጨረር ወይም በሌዘር ታክሞ፣ ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት ይኖራሉ፤ ድምፃቸውም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ፍሬድሪክ በማርች 1887 የነበረበት ሁኔታ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ምልክቶቹ ከባድ ትምህርት አይጠይቁም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር፣ የማይድን የአፍ ወይም የምላስ ቁስል፣ በአንገት ላይ የወጣና የማይጠፋ እብጠት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ከአንድ ወገን አፍንጫ የሚደጋገም ደም፣ ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚሰማ የጆሮ ሕመም፣ እነዚህ ሁሉ የአንገት በላይ ሐኪምን ዓይን ይጠይቃሉ። ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ሲደመሩ አደጋውን ያበዛሉ፤ ነገር ግን እንደ አጎቴ ትምባሆ በአፋቸው ያልዞረም ይታመማሉ። ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ፣ ሐኪሙ ጠለቅ አድርጎ እንደገና ይወስዳል፤ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ የሥሩን ስፋት ያያል፤ በአንገት ላይ እብጠት ካለ በቀጭን መርፌ ቀድቶ ይመረምራል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንድ የኮባልት መሣሪያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ለአገሪቱ ሁሉ ብቸኛው ማዕከል እርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር የሚያመነጩ አዳዲስ መሣሪያዎች በአዲስ አበባም ከአዲስ አበባ ውጭም ተተክለዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የሐኪም ብቻ ሥራ አይደሉም። ጨረሩን የሚያግደው ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የማቀዝቀዣው ውኃ፣ የመለኪያው ትክክለኛነት፣ የመለዋወጫው ዕቃ በጊዜው መድረስ፣ ሁሉም በእኛ በማኅበሩ አባላት እጅ ያልፋሉ። መሣሪያው በተበላሸ ቁጥር በወረፋ የሚጠብቅ ሰው በሽታው አብሮት አይጠብቅም።

አጎቴ በመጨረሻ አንገታቸው ላይ ቱቦ ገብቶላቸው ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ። ዜማ ለማስተማር ድምፅ ስላልነበራቸው፣ ደቀ መዝሙሮቻቸው ሲሳሳቱ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው ያቆሙና ምልክቱን በብራና ቁራጭ ላይ ጽፈው ያሳዩ ነበር። ከመዘዞ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ዛሬ የሚገፋ አይደለም። የእኛ መዘግየት ከመንገዱ ርቀት አልመጣም፤ የመጣው በእጃችን በነበረችው ንጹሕ ወረቀት ላይ ከተጻፈው በላይ ስላነበብን ነው። ንጹሕ ውጤት የሚመሰክረው ለተቆረጠችው ናሙና ብቻ ነው። ይህን በአፈርና በድንጋይ ላይ በየቀኑ የምንሠራበት ሰዎች ነንና፣ በገዛ ቤተሰባችን ጉሮሮ ላይ እንዳንረሳው አደራ እላለሁ።